አምስት እፍኝ፣ በማን እጅ?

ውድ ጭራሮዬ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጭራሮ የሚለው ስም ከከዳሽ ስንት ዘመኑ። ምክትል ርዕሰ መምህር ሆነሽ፣ ልጅ ወልደሽ፣ ጎንሽም ደልደል ብሎ እኔ አሁንም ጭራሮ እልሻለሁ። አፌ ላይ የቀረ ስም ነውና ታገሺኝ።

ወረቀት ያስያዘኝ እሑድ ዕለት ደውለሽ የነገርሽኝ ነገር ነው። "ጋሼ፣ ልጄ ሚጢጢ አትክልት የሚባል አላይም ብላለች። እኔም ግን ያንተ እጅ ያሳደገኝ ነኝ፤ የቀኗን ሳትጨርስ ከወንበሯ አላስነሳትም። ትናንትና ሁለት ሰዓት ሙሉ ተፋጥጠን ተቀመጥን" አልሽኝ እየሳቅሽ። ከድምፅሽ ኋላ የልጅ ሳግ ይሰማኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? "በርቺ" አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ ወዲህ ሁለት ጣውላ አበላሽቻለሁ፤ አንዱን አሳጥሬ ቆርጬ፣ ሌላውን በማይሆን ጎኑ መላጊያ አስነክቼ።

መልሼ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ስልክ ላይ ግን ፈሪ ነኝ፤ ድምፅሽን ስሰማ ወደ ቀልድ እሸሻለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለጎረቤታችን ለአውቶቡስ ሾፌሩ እሰጠዋለሁ። ጠዋት ተነስቶ ቀትር ላይ እናንተ ከተማ ይገባል፤ በእጅሽ እንዲያደርሰው አደራ ብዬዋለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ እኔን የምታዪበት ዓይን እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። እያወቅኩ ነው የምጽፈው። አንቺ እኔን ታላቅ ሰው ብለሽ ከምትኖሪ፣ ሚጢጢ ሳትፈራ ካሮት ብትበላ ይሻለኛል።

በሠርግሽ ቀን ማይክ ተቀብለሽ የተናገርሽውን አልረሳውም። "እኔን ያሳደገኝ አናጢ ነው። በየዓመቱ እጄን የኩሽናው ቁምሳጥን በር ላይ በእርሳስ እየነደፈ፣ አትክልቱንም ፍራፍሬውንም በእጄ ልክ እየሰጠ ነው እዚህ ያደረሰኝ" አልሽ። ሰው አጨበጨበ። እናትሽ እንባዋን ጠረገች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ፤ ሰዉ ትሕትና መሰለው። የተናገርሽው ውሸት የለበትም። ግን ታሪኩን ከመሐሉ ነው የጀመርሽው፤ መጀመሪያውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ምናልባትም አንቺ።

እናትሽን ሳገባ ስድስት ዓመትሽ ነበር። አባትሽ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ሲቀያየር ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ፤ ከዚያ ሌላ ነገር አፍሽ አይገባም። ጭራሮ ያልኩሽ ያኔ ነው። ጥርስሽን ስትቦርሺ ድድሽ ይደማል። ጉልበትሽ ላይ የተላጠው ቁስል ወር ይፈጃል። ሳትወድቂ ቆዳሽ ይበልዛል። እናትሽ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለነበረች ጎህ ሲቀድ ወጥታ ሲመሻሽ ነው የምትገባው። የእኔ ወርክሾፕ ግን ከቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ስለዚህ ቁርስሽም ምሳሽም እኔ እጅ ወደቀ። እኔ ደግሞ ልጅ አሳድጌ የማላውቅ፣ ለራሴም ከሥጋና ከዳቦ ውጭ ያለው ሁሉ የከብት ቀለብ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩሽ። ነርሷ ከንፈርሽን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ጉልበትሽን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "ይቺ ልጅ የሚያስፈልጋት መርፌ አይደለም፤ ገበያ ነው" አለችኝ። "በቀን አምስት እፍኝ አትክልትና ፍራፍሬ ይስጧት። ቀለሙን ያቀያይሩላት፤ ብርቱካናማውንም፣ አረንጓዴውንም፣ ቀዩንም። ወር ሳይሞላ ልዩነቱን ያዩታል።" ከኋላችን ወረፋው በሩን አልፎ ወጥቷል። የማን እፍኝ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ለእኔ ግልጽ ነበር።

ለምን ግልጽ እንደሆነልኝ ልንገርሽ። ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ "አንድ ሥራ፣ በአንድ ሜትር" ይሉ ነበር። የሁለት ሰው ሜትር እኩል አይሆንም። የአንዱ ጫፍ ይታጠፋል፣ የሌላው ይበላል፣ በሁለት ሚሊሜትር ይለያያሉ። መቃኑን በአንዱ፣ መዝጊያውን በሌላው የለካ ሰው በሩ አይገጥምለትም። ስለዚህ ሥራ የጀመረ ሰው በገዛ ሜትሩ ይጨርሳል እንጂ የሰው አይዋስም። ይህ ሕግ ስንት በር አስገጥሞልኛል። አንቺም ያኔ ለእኔ የተሰጠሽኝ ሥራ ነበርሽ፤ ስለዚህ በገዛ እጄ ለካሁልሽ። እጄን ታውቂዋለሽ። እናትሽ "አካፋ" ነበር የምትለው።

አትክልት ተራ የገባሁት ያን ዕለት ነው ብል አታምኚኝም። በዚያ መንገድ ስመላለስ ኖሬያለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም። ካሮቱ ከነአፈሩ ተከምሯል፣ ጎመኑ ላይ ውሃ ተረጭቶበታል፣ ብርቱካኑ ከሩቅ ይሸታል። ሻጯ ሴት "ምን ልስጥህ?" ስትለኝ "ከሁሉም" አልኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና "ድግስ አለብህ?" አለች።

"ልጅ አለችኝ" አልኩ። ልጅ አለችኝ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሴትየዋ አንድ ፓፓያ መረቀችልኝ።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ የቆረጥኩት ቀይ ሥር ነበር። ለሁለት ስከፍለው እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ልክ እንደ ግንድ፣ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ከመሐል እየሰፋ ወደ ዳር ይሄዳል። ዕድሜዬን እንጨት ስሰነጥቅ የኖርኩ ሰው፣ አፈር ውስጥ በጨለማ እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ካሮቱን ቆረጥኩት፤ መሐሉ ላይ ፀሐይ አለ። ጥቅል ጎመኑን ቆረጥኩት፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ተጣጥፎ፣ ያለ ኮላ፣ ያለ ሚስማር፣ አንዱ ከአንዱ ገጥሞ ተቀምጧል። እንዲህ የሚገጣጥም አናጢ አላየሁም። የደንበኛዬ ወንበር ወርክሾፕ ውስጥ ኮላው እየደረቀ እኔ ቢላዋ ይዤ ጠረጴዛው ፊት ቆሜ ቀረሁ። ይህን የመሰለ ነገር ለልጅ ማብላት ምን ይከብዳል ብዬ አሰብኩ።

ከበደኝ። በቀን አምስት ጊዜ አካፋዬን ሞልቼ ሳህንሽ ላይ እደፋለሁ። ሁለት ትራስ ደርበሽ ተቀምጠሽ እንኳ ከክምሩ በላይ የሚታየኝ ግንባርሽ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ለመንኩሽ። በሁለተኛው ተቆጣሁሽ። በሦስተኛው እስክትጨርሺ ድረስ ከወንበር አላስነሳሽም ማለት ጀመርኩ። አንቺም ዘዴ አላጣሽም። ፎሶሊያውን ኪስሽ ትከቻለሽ፣ ጎመኑን ጉንጭሽ ውስጥ ይዘሽ ሽንቴ መጣ ትያለሽ። አንድ ቀን ከሰጋቱራው ጆንያ ውስጥ የሳምንት ካሮት አወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ንቀት መሰለኝ። ሆድሽ ይነፋ ነበር፤ ታስመልሺ ነበር፤ ከመወፈር ይልቅ ከሳሽ። እኔ ግን የታዘዝኩትን ነው የማደርገው ብዬ ልቤን አደነደንኩ። ሰው ልክ ነኝ ብሎ ሲያስብ የት ድረስ እንደሚጨክን የተማርኩት በራሴ ነው።

ያቺ ቀን ማክሰኞ ነበረች። የምሳሽ ካሮት እስከ ስምንት ሰዓት ሳህኑ ላይ ቆይቶ ቀዝቅዟል። አንድ ደንበኛ በሩን ሊወስድ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ማጠፊያውን ገና አልመታሁም። ማንኪያውን አንስቼ "ክፈቺ" አልኩሽ።

ከንፈርሽን ገጠምሽ።

"ክፈቺ ብያለሁ።"

ራስሽን ነቀነቅሽ። ያን ጊዜ አፍንጫሽን ያዝኩ፤ ይህን ብዕር በያዝኩባቸው በእነዚህ ሁለት ጣቶቼ። ለመተንፈስ አፍሽን ስትከፍቺ ማንኪያውን ከተትኩ።

መጀመሪያ ዝም አልሽ። ዋጠችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ዓይንሽ ፈጠጠ። ድምፅ የለም፣ ሳል እንኳ የለም። ከንፈርሽ መልኩ ተለወጠ። በአንድ ክንዴ ዘቅዝቄ ያዝኩሽና በሌላው መዳፌ ጀርባሽን መታሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በአራተኛው ቁራጩ ወለሉ ላይ ወደቀ። የአውራ ጣቴን ጥፍር አያክልም። መጀመሪያ አየር ስትስቢ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስሽ፣ አለቀስሽ፣ ከዚያ ዝም አልሽ። ወይ ጎረቤት ትጠራለች፣ ወይ በር ላይ ቆማ እናቷን ትጠብቃለች ብዬ ነበር። የትም አልሄድሽም። ቀስ ብለሽ መጥተሽ አጠገቤ ቆምሽና እጄን አየሽው። መዳፌን ገልብጠሽ የራስሽን መዳፍ ላዩ ላይ አስቀመጥሽ። የኔን ግማሽ እንኳ አልሸፈነም።

"ጋሼ" አልሽኝ፣ ድምፅሽ እንደሻከረ። "ይሄ እኮ ያንተ እጅ ነው። የኔ ትንሽ ናት።"

በሌላው እጄ ወደ ሳህኑ ተንጠራራሁ።

"አንተ አትንካው። እኔ ራሴ ልለካ።"

ሳህኑን በሁለት እጅሽ ከጠረጴዛው አውርደሽ ፊቴ አስቀመጥሽው። እጅሽን ከተትሽና ሦስት ቁራጭ ካሮት ዘገንሽ። ትንሽ አሰብሽ። አንዱን መለስሽና በምትኩ ከዳር የነበረውን የብርቱካን ክፋይ አነሳሽ። ከዚያ በላሽው። ማንም ሳይዝሽ፣ ማንም ሳይቆጣሽ፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት ሊገድልሽ የነበረውን ነገር ቀስ ብለሽ አኝከሽ ዋጥሽ። ከጣራ ወድቆ በሳምንቱ ያንኑ ጣራ መልሶ የወጣ አናጢ አውቃለሁ፤ ደፋር ነው እንለው ነበር። ያን ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ድፍረት ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ፈራሁሽ ማለት ይቀለኛል። አንድ ትልቅ ነገር ቤቴ ገብቶ ሳለ እስከዚያ ቀን አላወቅኩትም ነበር ብዬ ፈራሁ።

በማግሥቱ ጉሮሮሽን ላሳይ ጤና ጣቢያ ወሰድኩሽ። ካሮት አነቃት አልኩ፤ እንዴት እንዳነቀሽ አልተናገርኩም። ነርሷ ደህና ናት ስትለኝ "እፍኙ የማን ነው?" አልኳት።

"የሷ ነዋ፤ የማን ሊሆን ኖሯል?" አለች ገርሟት። "የልጅ ሆድ የሚለካው በልጅ እጅ ነው። ስታድግ እጇም ያድጋል፣ ልኩም አብሮ ያድጋል። አይጨነቁ፣ ራሱ ይስተካከላል።"

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሜትር ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ከሚለካው ነገር ጋር አብሮ የሚያድግ መለኪያ ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። መንገዱን ሙሉ እጅሽን ይዤ ስሄድ ዝቅ እያልኩ አየው ነበር። የትኛውም ፋብሪካ ያልሠራው፣ የማይታጠፍ፣ የማይበላ፣ የማይጠፋ ሜትር በእያንዳንዱ ሰው ክንድ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሰው ልጅ ሁሉ ይዞት እየዞረ አያየውም። ቤት እንደገባን እጅሽን ቁምሳጥኑ በር ላይ አስደግፌ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፍኩ። አንቺ በሠርግሽ ቀን እንደ ብልሃት ያወራሽው ይህን ነው። ብልሃት አልነበረም። ዳግመኛ እንዳልረሳ ከፍርሃት የነደፍኩት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጎድጓዳ ሳህን መሐል አስቀምጣለሁ፣ አንቺ ትዘግኛለሽ። አንዳንድ ቀን አምስቴ፣ አንዳንድ ቀን ሁለቴ፣ አንዳንድ ቀን አኩርፈሽ ምንም። እኔም ከፊትሽ ተቀምጬ የራሴን አካፋ እሞላለሁ፤ ቲማቲም እንዲህ እንደሚጣፍጥ በዚያ ዕድሜዬ ነው ያወቅኩት። እናትሽ "እኔ ለልጅቷ ጠባቂ አገባሁ ብዬ ሁለት ጥንቸል ቤቴ ገባ" ትል ነበር። ወር ሳይሞላ የጥርስ ብሩሽሽ ደም ሳይነካው ወጣ። እናትሽን ጠርቼ አሳየኋት፤ ሁለታችን ብሩሹን ይዘን ወርቅ እንዳገኘ ሰው ቆምን። የጉልበትሽ ቁስል በሳምንቱ ደረቀ። ከንፈርሽ ቀላ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልሽ መውጣት ጀመርሽ፤ እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ሆኜ ኮቴሽን እየሰማሁ መጋዜን አቆም ነበር። ከአፈር የወጣ ቅጠል ደም ሲሆን፣ ሩጫ ሲሆን፣ ሳቅ ሲሆን በዓይኔ አየሁ። ሌላ ሰው ይህን ሲያወራ ብሰማ የታወቀ ነገር ነው ብዬ አልፈው ነበር። እኔ ግን አየሁት፤ እስከ ዛሬም መደነቄ አልወጣልኝም።

ያን ማክሰኞ ማታ እናትሽ ገብታ "ዛሬስ እንዴት ዋላችሁ?" ስትል ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። አንቺ "ካሮት በላሁ" ብቻ አልሽ። እሷም ሳመችሽ፣ እኔንም አመሰገነችኝ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ መሄዳችንንም ለክትትል ነው ብዬ አለፍኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ከአፍሽ አንድ ቃል አልወጣም፤ ከእኔም አልወጣም። እናትሽ ሳታውቅ አረፈች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ሠላሳ ዓመት አደረ።

እንግዲህ ሚጢጢን ከወንበሯ አላስነሳትም ስትዪኝ የታየኝ ያ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አፍንጫ የሚይዝ ሰው በመጀመሪያው ቀን አይዝም፤ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ነው እዚያ የሚደርሰው። እኔ እዚያ አልደርስም አትበዪኝ፤ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አንቺን አትክልት ያስለመደሽ የኔ ጽናት አይደለም፤ የኔ ጽናት አንቺን ሊያሳጣኝ ነበር። እፍኙ የልጅቷ ነው ማለት መጠኑ ብቻ መሰለሽ። ዘጋኟም እሷ ናት። የአንቺ ሥራ ማቅረብ ነው፤ በየቀኑ፣ በየቀለሙ፣ ሳይሰለቹ። ነገ አንድ ክፋይ ብቻ ታነሳ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ ምንም። ታገሺ። እሷ እያየች ቁረጪው፤ ከፈለገች አጠገብሽ ወንበር ላይ ቆማ ውስጡን ትይ። አንቺም አብረሻት ብዪ፤ ሰኞ ሰኞ ምሳሽን በብስኩት እንደምታልፊ ባልሽ ነግሮኛል።

አሁን አንድ ነገር ይቀረኛል። ያን ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ልልሽ ይገባኝ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ትልቅ ሰው የስድስት ዓመት ልጅን ይቅርታ አይጠይቅም ብዬ መለስኩት። ነገ እላለሁ አልኩ። ከፍ ስትል አልኩ። ስትመረቅ አልኩ። ስታገባ አልኩ፤ ስታገቢ ደግሞ ማይክ ይዘሽ አመሰገንሽኝና አፌን ዘጋሽው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። ነገሩን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። ከረሳሽው፣ ስላስታወስኩሽም ይቅርታ። ካልረሳሽው ግን እያወቅሽ ነው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያከበርሽኝ ማለት ነው።

ቅዳሜ ልመጣ አስቤያለሁ። አትምጣ ካልሽኝ እቀራለሁ፤ አልቀየምሽም። ሚጢጢን ግን ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ አነጋግሪያት። ጎንበስ በዪና ዓይኗን እያየሽ "ሁለት ሰዓት ስላስቀመጥኩሽ ይቅርታ" በያት። ልጅ ናት፣ ምን ይገባታል አትበዪ። እኔ ይህችን አንዲት ቃል ለማውጣት ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ። አንቺ እስከ እራት ድረስ ጊዜ አለሽ።

አንቺ ያሳደግሽው፣
ጋሼሽ